የፕላስቲኩ ገንዳና የጋሽ ኦቻን ከሰል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ኬክ አስቆርሰው ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ጋምቤላ ውስጥ ጋቢ! በዚያ ሙቀት ጋቢዬን ደርቤ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ንግግር አደረግሁ። ሥራ አስኪያጁ «አቶ ሰይድ የከተማችንን ሕዝብ ውሃ ሲያጠጡ የኖሩ ባለሙያ ናቸው» አሉ፤ ተጨበጨበልኝ፤ ሆድ ብሶኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የሥራ ዘመኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ምን ያልቃል! ዕድሜዬን ሙሉ ከሠራሁት ሁሉ ልቤን ያስጨፈረው ሥራ የመጣው ጋቢውን ሳጥን ውስጥ ከከተትኩ በኋላ ነው። ከመኝታ ቤቴ ብዙም የማይሰፋ፣ መሬት ላይ የሚቆም የፕላስቲክ መዋኛ ገንዳ ነበር፤ የኔ ሥራ ወለሉን በራሱ ፓምፕ መጥረግ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ እኔም ስቄበት ነበር።

የወሎ ልጅ ነኝ። በድርቁ ጊዜ ከቤተሰቤ ጋር ለሰፈራ ወደ አቦቦ ስንመጣ ጢሜ ገና ማቆጥቆጡ ነበር። አባቴ በቆሎና ማሽላ ሲዘራ የኔ ዓይን የሰፈራው ወፍጮ ሞተር ላይ ተተክሎ ቀረ። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ቁርሴን ጥዬ እሮጣለሁ። አባቴ «ይሄ ልጅ ናፍጣ ነው የሚጠጣው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ጋምቤላ ከተማ የውሃ ጣቢያው ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ጊዜ አላጠፋሁም፤ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥዬ መጣሁ።

ባሮ ዳር ባለው ጣቢያ የተቀበለኝ ጋሽ ኦቻን ነው። የዚሁ የከተማው ልጅ፣ አኙዋ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። የሸሚዙ የደረት ኪስ ሁልጊዜ ጥቁር ነበር፤ ሚስቱ ብታጥብ ብታጥብ አይለቅላትም። ኪሱ ውስጥ ከሰል ይይዛል። ለምን እንደሚይዘው እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ባልዲ አስያዘኝና «አጠጣው» አለኝ።

«ማንን?»

«ፓምፑን። መጀመሪያ አጠጣው፣ ከዚያ ጠይቀው።»

ነገሩ ቀላል ነው። ከወንዙ እስከ ፓምፑ ያለው የመምጠጫ ቱቦ ውስጥ አየር ካለ ፓምፑ ባዶውን ይሽከረከራል፤ ውሃ አይስብም፤ ይግላል፤ ይቃጠላል። ስለዚህ ቱቦውን ጢም አድርገህ በውሃ ትሞላና አየሩ በአረፋ ተንደቅድቆ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ። ኦቻን ከኋላዬ ቆሞ «አረፋ አለ?» ይላል። «የለም» እላለሁ። «እንደገና እይ» ይላል። እንደገና ሳይ አንዲት የአረፋ ፍንጣሪ ብቅ ትላለች! በንዴት ጥርሴን አፋጫለሁ። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ የካቻቪቴውን እጀታ ጆሮው ላይ፣ ጫፉን ፓምፑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሐኪም በለው።

ከሰሉ ደግሞ ለመስመር ነው። ፓምፕ ውሃ በሚስብበት ቦታ ሁሉ፣ ከቱቦው አፍ ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል፤ ውሃው እዚያ ከደረሰ ፓምፑ ይቆማል ማለት ነው። በጉድጓዱም ያሰምራል፣ በማጠራቀሚያውም ያሰምራል፣ ይባስ ብሎ ወንዙ ዳር ባለው ግንብ ላይ ያሰምራል። አንድ ቀን አላስችል አለኝ።

«ጋሽ ኦቻን፣ ባሮ ሊያልቅ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ፓምፕ ባሮን አያውቅም» አለኝ። «የሚያውቀው አፉን ብቻ ነው። አፉ ጋ ውሃ አለ፣ ይሠራል። የለም፣ ይሞታል።»

ሳቅኩ። ያን ሳቅ በኋላ ከፈልኩበት።

አንድ ነገር ግን አይሠራም ነበር ኦቻን። ወንዝ ውስጥ አይገባም። በክረምት የመምጠጫውን ወንፊት ቅጠልና ጭቃ ሲደፍነው አንድ ሰው ገብቶ ማላቀቅ አለበት፤ የተቀረነው ውሃውን በእንጨት እየደበደብን አዞ እናባርራለን። የምገባው እኔ ነኝ። ኦቻን ዳር ቆሞ ገመዱን ይይዛል። «የበታቹን ሰድዶ እሱ ይቆማል» ብለው የሚያሙት ነበሩ፤ እኔም ልቤ ውስጥ ትንሽ አምቼዋለሁ። አንድ ቀን ከጣቢያው በር ላይ የተጠበሰ ዓሣ ስንበላ ሳልጠይቀው ነገረኝ።

«ታናሽ ወንድም ነበረኝ። እዚህ ታች ነው። ውሃው እስከ ወገባችን ነው። እኔ አጠገቡ ነኝ፣ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ክረምት ነው፣ ውሃው ጭቃ ነው። አዞ ወሰደው። ሰይድ፣ ምንም አላየሁም። ምንም።»

የያዝኩትን ዓሣ አስቀመጥኩት።

ሚስቱም ልጆቹም የወንጌል አማኞች ናቸው፤ እሱም እሑድ እሑድ ከኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አብሮ ይዘምራል። ሰዎች ለመጠመቅ ወደ ባሮ ሲወርዱ ግን እሱ ሳይጠመቅ ቤቱ ይቀራል። ፓስተር በመጣ ቁጥር ይለምነዋል፣ ፓስተር በተቀየረ ቁጥር መልሱ አይቀየርም፦ «እግሬን የማላየው ውሃ ውስጥ አልገባም።» ባሮ ደግሞ ክረምት ወተት የበዛበት ሻይ ነው፤ እንኳን እግር ጉልበትም አይታይበትም።

ከዚያ በኋላ ያላየሁት የለም። ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ ተመድቤ የጀሪካን ሰልፍ እየጠበቀኝ ከጀነሬተር ጋር ስታገል ከርሜአለሁ። ማታር ሄጄ ፓምፕ በጀልባ አጓጉዣለሁ፤ የጀልባው ባለቤት «ይሄ ብረት ከሰመጠ አንተም አብረህ ትሰምጣለህ» ሲለኝ የሳቅኩት ለወግ ነው፤ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። ጮሆ የሚያሠራ አለቃ አይቻለሁ፤ ጭራሽ የማይመጣ አለቃም አይቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ይሻለኝ ነበር። ስለ ደመወዝ አልጽፍም፤ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ያውቀዋል። የትም ብሄድ ግን ቱቦ ስሞላ «አረፋ አለ?» የሚለው የኦቻን ድምፅ ከኋላዬ ይሰማኛል። አረፋውን አልረሳሁም። የረሳሁት ከሰሉን ነው።

ይኸውላችሁ ውርደቴ። እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ፣ ኦቻን ግን ቀድሞኝ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ወይዘሮ ጽጌ የሚባሉ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ከአዲስ አበባ አንድ ገንዳ አስመጡ። ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ ዙሪያውን በብረት ቋሚ የተያዘ፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ። ከጎኑ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ባንዱ ትንሿ ፓምፕ ውሃውን ትስባለች፣ በማጣሪያ ታሳልፈዋለች፣ በሌላው ትመልሰዋለች። ወለሉን ለመጥረግ ደግሞ ጎማ ያለው መጥረጊያ ራስ፣ ረጅም ዘንግና ጥምዝምዝ ቱቦ አብሮ መጥቷል። ቱቦው የመሳቢያው አፍ ላይ ሲሰካ ፓምፗ በመጥረጊያው በኩል ቆሻሻውን ከወለሉ ትመጥጣለች። እንዴት ያለች ብልሃት ናት! ገና ሳያት ወደድኳት።

ገንዳው በቦቴ የወንዝ ውሃ ተሞልቶ፣ ጭቃው ወለሉ ላይ ተኝቶ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ «አቶ ሰይድ፣ አንተ የውሃ ሰው ነህ፤ ከሰዓት እንግዶች ይመጣሉ፣ ወለሉን አንጣልኝ» አሉኝ። ቱቦውን በወጉ ሞላሁ፣ አረፋውን ጨረስኩ፣ ሰካሁ። ፓምፗ ሳበች! ቡናማው ወለል ላይ ሰማያዊ መንገድ ተከፈተ። ደስ ብሎኝ ቤት እንደሚወለውል ሰው ወዲህ ወዲያ መግፋት ጀመርኩ፤ ጭቃው ተነሳና እንደ ጭስ ውሃው ውስጥ ተበተነ። ማጣሪያውም ተደፈነ። እኔ ግን ብልህ ነኝ አይደል? ማጣሪያውን አወጣሁ፣ ወደ ገንዳው የሚመልሰውን ቱቦ ነቅዬ አፉን ማንጎው ዛፍ ሥር ጣልኩት። ጭቃው እየተንዠቀዠቀ ወደ ውጭ! ማንጎው ጠጣ፣ እኔ ዘፈንኩ።

ውሃው እየወጣ ነው እንግዲህ፤ ገንዳው እየጎደለ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ከባሮ ሲስብ የኖረ ሰው ነኝ፤ የምስበው ውሃ ጎድሎ አያውቅም፤ ቀና ብሎ ማየት የሚባል ልማድ የለኝም። ዓይኔ ወለሉ ላይ ነው። የመሳቢያው አፍ ብቅ ሲልና ፓምፗ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ስታንኮራፋ ወፍራም ጭቃ አግኝታ ነው ብዬ ጨመርኩበት። ከዚያ የተቃጠለ ሽታ አወደኝ።

እንግዶቹ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ሲገቡ እኔ የሞተች ፓምፕ ታቅፌ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ ሰው ፊት «ባሮን ሙሉ ሲስብ የኖረ ሰው ይቺን የሕፃን ገንዳ ገደላት!» አሉ። ፓምፕ የሚተካ አልተገኘም፤ ገንዳው አረንጓዴ ሆነ፣ እንቁራሪት ወረሰው፣ በመጨረሻ ተጣጥፎ መጋዘን ገባ። የከተማው ሰው በየሻይ ቤቱ ተቀባበለኝ። ኦቻን ሰምቶ ቤቴ መጣ። ያጽናናኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ከሰል አድርገህ ነበር?» አለኝ።

«አይ።»

«እ» አለ፤ ሻዩን ጠጣ፣ ሄደ። የወይዘሮ ጽጌ ስድብ ቢደመር ያችን «እ» አያህልም።

አሁን ወደ ደስታዬ ልምጣ። ጋቢውን ከሸለሙኝ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በክረምቱ መሐል፣ የነኦቻን ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሐሙስ ጠዋት በሬን አንኳኩ። ወጣት ናቸው፣ ፈጣን።

«አቶ ሰይድ፣ ገንዳ አግኝተናል። ወይዘሮ ጽጌ ከመጋዘናቸው ሰጡን፤ አዲስ ፓምፕ ደግሞ አዲስ አበባ ያሉ ወንድሞች ላኩልን። እሑድ በእሱ ልናጠምቅ ነው።»

ያ ገንዳ! ራሴን ያዝኩ።

«ለአቶ ኦቻን ነገርናቸው» ቀጠሉ ፓስተሩ። «‹አንድ ጊዜ እመጣለሁ› አሉ። ‹ወለሉን ካየሁ እገባለሁ። ካላየሁ ቤቴ እመለሳለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይጠይቀኝ› አሉ። ትናንት ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ተክለን በቦቴ ሞላነው። ውሃው...»

«ሻይ ነው» አልኩ።

«ሻይ ነው» አሉ።

ጫማዬን በትክክል ማሰሬን እንጃ። መጀመሪያ የሄድኩት ግን ወደ ገንዳው ሳይሆን ወደ ኦቻን ቤት ነው። በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ጠጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ምርኩዝ ይዟል፣ የደረት ኪሱ እንደ ጥንቱ ጥቁር ነው።

«ጋሽ ኦቻን፣ ከሰል ስጠኝ» አልኩት።

ከኪሱ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «አፉን አስቀድመህ እይ» አለኝ።

ባሮን ስናጣራ በኖርንበት መንገድ ጀመርኩ። ከድሮ መሥሪያ ቤቴ አልሙኒየም ሰልፌት ለመንኩ፤ ውሃ ሲገባበት ጭቃውን ሰብስቦ አክብዶ ወደ ታች የሚያወርድ ዱቄት ነው። በባልዲ አሟሟሁ፣ ገንዳው ላይ በዙሪያው አፈሰስኩ፣ በዘንግ ቀስ ብዬ አማሰልኩ። ከዚያ «ዓርብን ሙሉ ማንም እንዳይነካው! ውሃው ይተኛ» ብዬ አወጅኩ። ዓርብ ግን ራሴ እንቅልፍ አጣሁበት፤ ደጋግሜ ሄጄ በጠርዙ አሻግሬ ስመለከት የዘበኛው ሚስት «አቶ ሰይድ፣ እንቁላል ጥለውበታል እንዴ?» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ውሃው ላዩ ጠርቷል፤ ጭቃው ወለሉ ላይ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ተኝቷል። ልቤ ዘለለ! አሁን ሳይቀሰቅሱ ማውጣት ነው ጥበቡ። የመሳቢያውን አፍ አየሁ፤ ከአፉ አንድ ጋት ከፍ ብዬ በኦቻን ከሰል ሰማያዊው ፕላስቲክ ላይ ወፍራም መስመር አሰመርኩ።

ጥምዝምዙን ቱቦ አይጥ በልቶት ስለነበር በብስክሌት ካላማዳሪ፣ በውስጥ ጎማው፣ ጠቀለልኩት። ውሃ ውስጥ አጋደምኩት፣ ፓምፗ ወደ ገንዳው ከምትመልስበት ቀዳዳ ላይ አንዱን ጫፍ ደገንኩ፤ ውሃው እየገፋ አየሩን በመጥረጊያው በኩል አስወጣው። ብልቅ፣ ብልቅ፣ ብልቅ። «አረፋ አለ?» አልኩ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ። የለም። እንደገና አየሁ። አንዲት ፍንጣሪ! ጠበቅኋት። ከዚያ የቱቦውን አፍ በመዳፌ ደፍኜ ከውሃው ሳላወጣ ወደ መሳቢያው ወሰድኩና ሰካሁ። እንደ በፊቱ ማጣሪያውን አውጥቼ የመመለሻውን ቱቦ ወደ ውጭ ዘረጋሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን የድሮ ባልደረቦቼ የላኩልኝ የተጣራ ውሃ በቦቴ ቆሟል። የቦቴው ቱቦ ሲሞላ ጭቃውን እንዳይቀሰቅስብኝ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲወርድ አፉ ላይ ከረጢት አሰርኩበት። መስመሩ ላይ ሲደርስ አቆማለሁ፣ እሞላለሁ፣ ደግሞ እቀጥላለሁ።

እኩሌታውን እንደጠረግሁ መብራት ሄደ።

ፓምፗ ዝም አለች። ቱቦው ውስጥ የነበረው ጭቃ ተንሸራቶ ተመለሰና የጠራው ወለል ላይ ተኛ። ማብሪያውን አጠፋሁ፤ መብራቱ በድንገት መጥቶ ፓምፗ አየር እየጠጣች እንዳትነሳብኝ። ከዚያ ቁጭ አልኩ። ከሰዓቱ እየገፋ ነው፣ ነገ እሑድ ነው። ኦቻን አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ዓይኔ ሲሞላ ተሰማኝ፤ ለፕላስቲክ ገንዳ!

አዳራሹ ውስጥ መዘምራኑ በጀነሬተር ኪቦርድ እያስመቱ ይለማመዱ ነበር። የመዘምራኑ መሪ ኛንኬር የምትባል የኑዌር ሴት ናት፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። በመስኮት አይታኝ ኖሮ ወጣች።

«ምን ሆንክ፣ የሰይድ አባት?» አለችኝ፤ በሰፈሯ ትልቅ ሰው በልጁ ስም ነው የሚጠራው።

«ሰይድ እኔ ነኝ።»

«ምን ሆንክ፣ ሰይድ?»

ነገርኳት። ዞር ብላ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር ጮኸች፤ ኪቦርዱ ቆመ፤ ሁለት ሰዎች የጀነሬተሩን ገመድ ጎትተው ወደኔ አመጡ። «እኛ ያለ ጀነሬተር የምንዘምርበት አፍ አለን» አለች። «ፓምፑ የለውም።»

ቱቦውን ከአረፋው ጀምሬ እንደ አዲስ ሞላሁ። እነሱ ደግሞ ወጥተው ገንዳውን ከበው ያለ ኪቦርድ መዘመር ጀመሩ፤ የአኙዋ መዝሙር ነው፣ ረጋ ያለ፣ ጭብጨባው የሚዘገይ። እጄ ሳይታወቀኝ መዝሙሩን ያዘ። በአንድ ጭብጨባ አንድ ስንዝር፣ በአንድ ጭብጨባ አንድ ስንዝር። ትክክለኛው ፍጥነት ይኼ ነበር! ያን ጊዜ ያጣደፈኝ እጄ አሁን ተገራ፤ አንዲት ብናኝ አልተነሳችም። ከመጥረጊያው ኋላ ሰማያዊው መንገድ ሰፋ፣ ሰፋ፣ ሰፋ። መስመሩ ላይ ስደርስ አቆምኩ፣ ሞላሁ፣ እነሱም ያቆማሉ፣ ከኔ ጋር ይጀምራሉ።

ፓስተሩ መጥተው «አቶ ሰይድ፣ ከመዘምራን ልንመዘግብዎት ነው» አሉኝ።

«ፓስተር፣ የዐሥርን ሶላት ሰግጄ ልምጣና እንነጋገርበታለን» አልኩ። ኛንኬር በሳቅ ልትወድቅ ደረሰች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻውን ጥግ ጠረግኩ። ክሎሪኑን በልኩ ጨመርኩ። ቀና ብዬ ስመለከት የፕላስቲኩ ስፌት ከታች አንድ በአንድ ይቆጠራል። ኡኡ ማለት አማረኝ።

እሑድ ነጭ ጀለቢያዬን ለብሼ ሄድኩ። ኦቻን ሚስቱ ግራ ክንዱን ይዛው መጣ። አዲስ ነጭ ልብስ አልብሰውታል፤ የደረቱ ኪስ ግን ከአሁኑ ጥቁር ነው። ገንዳው ጋ ደርሶ መጀመሪያ ከውጭ ያለውን የከሰል መስመር በጣቱ ነካው። ከዚያ በጠርዙ አሻግሮ ወደ ታች አየ። ቆየ። ምርኩዙን ለሚስቱ ሰጣትና መሰላሉን ያዘ።

ውሃው እስከ ወገቡ ደረሰ። አጎንብሶ ረጃጅም እግሮቹን አያቸው፤ የአንዱን እግር ጣቶች አነቃነቀ፣ ከዚያ የሌላውን። ፓስተሩ ጠየቁት፤ «አዎ» አለ፤ ወደ ኋላ አጋድመው አጠለቁት። ከላይ ሆኜ አየሁት። ወንድሙን ጭቃ ውሃ ውስጥ ያጣው ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ ወንዝ ዳር ሠርቶ ውሃ ውስጥ ያልገባው ጋሽ ኦቻን፣ ከውሃው በታች ሁለት ዓይኑን እንደከፈተ ነበር።

ሲወጣ ሕዝቡ እልል አለ፤ እኔም ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ውሃው ከፊቱ እየወረደ በሕዝቡ መሐል ፈለገኝ።

«ሰይድ!»

«አቤት ጋሽ ኦቻን!»

«ሁሉንም አየሁ» አለኝ። ፊቱን በእጁ ጠረገ። «መሰላሉ ሥር ትንሽ አሸዋ ቀርቷል።»

ሰኞ ጠዋት ሄጄ ጠረግኩት።